ግድግዳው ላይ የቀረ ስንቅ

የልጅ ልጄ ሃና ከጓደኞቿ ጋር ጉና ልትወጣ ተነሥታ፣ ደብረ ታቦር ያለችውን ቤቴን ባለፈው ሰሞን የሱቅ ጓዳ አስመሰለቻት። ብስኩቱን ከካርቶኑ ታወጣለች፣ ፓስታውን ትሰባብራለች፣ ሁሉንም በትናንሽ ፌስታል እየሞላች አየሩን ጨምቃ ታስወጣና ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። እኔም እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ በማያገባኝ እገባለሁ።

«ምነው ልጄ፣ ካርቶኑ ምን በደለሽ?»

«አባባ፣ ካርቶን አይበላም። የማይበላ ነገር ተሸክሜ ተራራ አልወጣም።»

«እንግዲያው እኔንም እንዳትወስጂኝ።»

ሳቀች። ቀጥላ የበሶውን ከረጢት ፈታች። የተቆላ ገብስ ሽታ ቤቱን ሲሞላው የኔ ሳቅ አፌ ላይ ቀረ። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ድሬ፣ ጥርሴን በየተራ ቀብሬ፣ በሶ ሲሸተኝ ዛሬም መጀመሪያ የማደርገው ቀና ብዬ ግድግዳውን ማየት ነው። የተንጠለጠለ ነገር ካለ ብዬ። የለም። የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው የተሰቀለው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጉና ሥር ነበር። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ጋይንት የሚወርድ እግረኛ ሁሉ በደጃችን ያልፋል። የአባቴ ታላቅ እህት ስንዱ ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ሁላችንም እታለም እንላቸዋለን። የታወቁበት ሙያ ስንቅ ማሳነስ ነበር። መንገደኛው ቤቱ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል፤ በሶውን በቅል፣ ቆሎውን በጨርቅ፣ ድርቆሹን በአገልግል። እታለም ቁርበት ላይ ዘርግፈው እንደገና ያሰናዱለታል።

«ቅል ሞላም ጎደለ፣ ቦታው ያው ነው» ይላሉ። «ስልቻ ግን በበላህለት ቁጥር ይታጠፋል። ስትጨርስ እብብትህ ሥር ይገባል።»

አንድ ጊዜ ከሐሙሲት በኩል የመጣ ገበሬ ድንች ተሸክሞ ደረሰ። እታለም ድንቹን አንሥተው እንደ እንቁላል ወደ ብርሃን አዩት።

«ይህን ለምን ትሸከማለህ?»

«ልበላው ነዋ እናቴ።»

«ውሃ እኮ ነው የተሸከምከው። ውሃ ደግሞ ጉና ላይ ከሰማይም ከመሬትም ሞልቷል፤ ማን አምጣ አለህ?»

ድርቆሹን ወቅጠው አሸዋ ያሳክሉታል። ቆሎውን በእጃቸው አሽተው ገለባውን እፍ ይሉታል። በሶውን ከጨውና ከበርበሬ ጋር ቀላቅለው በስልቻ እየጠቀጠቁ፣ ስልቻውን መሬት ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርጉትና ሌላ እፍኝ ይጨምራሉ። ደግሞ ጠፍ ጠፍ። የአህያ ጭነት የነበረው ትከሻ ላይ የሚጣል ነገር ይሆናል። የኔ ሥራ የስልቻውን አፍ ከፍቶ መያዝ ነበር። የራሴንም አፍ አብሬ እከፍት ስለነበር፣ እታለም እፍኙን አየር ላይ አቁመው «ስልቻው የቱ ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፍ አለ። ሰው ከቤቱ ሲነሣ ከሆዱ ይልቅ ለፍርሃቱ ነው ስንቅ የሚይዝ። ያንን ትርፍ እታለም በትንሽ ስልቻ አስረው፣ ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ስሙ ቀሪ ነው። ባለቤቱ ሲመለስ፣ ቤት ሳይገባ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከቀሪው አንድ እፍኝ ይበላል። ይህን «መንገድ መዝጋት» ይሉታል። መንገዱን ያልዘጋ ሰው ቤት ቢገባም፣ ቢቀመጥም፣ ቢያወራም፣ እሱ ገና ተራራው ላይ ነው።

ያልተመለሱም ነበሩ። የነሱ ቀሪ አይነካም። ባለቤቱ ሳይኖር ቀሪ የሚፈታው ሞቱ ታምኖበት ለተዝካሩ ሲሆን ብቻ ነው፤ የብዙዎቹን ሞት የሚያምንለት ዘመድ ደግሞ በዚያ በኩል የለም። ስለዚህ ተሰቅለው ይኖራሉ። ጭስ ጠግበው፣ ጠቁረው፣ ተጨማደው።

እኔ ያን ጊዜ ሞኝ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኛለሁ፣ ሞኝ የሚለውን ግን አልተውኩትም። እታለም ያን ሁሉ ምግብ በጡጫ ሲያሳክሉት እያየሁ፣ እነዚያ ጥቋቁር ስልቾች ውስጥ ያሉት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ብዬ አመንኩ። ገለባቸው ወጥቶ፣ ተወቅጠው፣ ጠፍ ጠፍ ተደርገው። ክረምት ሲሆን ነቀዝ እየተንቀሳቀሰ ስልቾቹ ውስጥ ቀጭን ኮሽታ ይሰማል። እኔ ሰዎቹ ጎናቸውን ሲለውጡ ነው እላለሁ። አጥፊ ስሆን እታለም «ዛሬስ አጥፌ ባስቀመጥኩህ!» ሲሉኝ ሌላው ልጅ ይስቃል፤ እኔ ላብ ያጠምቀኛል።

አንድ ክረምት በቅሏችን ጠፋች። ግራጫ፣ ኩሩ፣ እንደ ቄስ ሚስት ረጋ ብላ የምትራመድ በቅሎ ነበረች። በሐምሌ ጭጋግ ከግጦሽ ሳትመለስ ቀረች። ጋይንት ገበያ ላይ ታየች የሚል ወሬ መጣና አባቴ ሊፈልጋት ተነሣ።

በቅሎ የጠፋበት ሰው ስንቁን በጀርባው ነው የሚሸከም። እታለም ለታናሽ ወንድማቸው ከወትሮው ይልቅ አሳነሱ። በሶውን በቅቤ አሽተው ጭኮ አደረጉት፤ ቅቤ የገባበት እፍኝ ሰውን ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ደረቁን በሶ በሙሉ አውጥተው በቀሪ ስልቻ አሰሩት።

አባቴ የሚሸከመውን አንሥቶ በእጁ መዘነ።

«እታለም፣ ፍልሰታ ቢገባብኝሳ? ከደረቁም ጥቂት ይጨምሩልኝ።»

«ፍልሰታ ሳይገባ ትመለሳለህ። ደረቁ ቦታ ይይዛል እንጂ ጉልበት የለውም። ዳገት ላይ ሰው የሚገድለው ሸክም ነው።»

«እሺ፤ አንቱ ካሉ።»

እናቴ ጋቢውን አለበሰችው፤ እኔን ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ ሄደ። ያን ንግግር ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እኔም ልብ አላልኩትም፤ ልቤም ዓይኔም ጭኮው ላይ ነበር።

በዚያው ሰሞን መቀመጫዬ ላይ ብጉንጅ ወጣብኝ። ሌላ ሰው የልጅነት ጠባሳውን ግንባሩን ገልጦ ያሳያል፤ የኔ ታሪክ የሚነበብ ከበስተኋላ ነው። መቀመጥ አልችልም፣ መራመድ አልችልም፣ ለሽንት እንኳ እናቴ ነች አቅፋ የምታወጣኝ። ቀኑን ሙሉ መደቡ ላይ በሆዴ ተደፍቼ እውላለሁ። ፊቴ የሚያርፈው ደግሞ ልክ ከግድግዳው ትይዩ ነው። የአባቴ ቀሪ አዲስ ስለሆነ ከጥቋቁሮቹ መሀል እንደ ጥርስ ነጥቶ ይታያል።

ፍልሰታ ገባ። አባቴ አልገባም።

«መንገደኛ ነው» አለች እናቴ ሽምብራ እየለቀመች። «መንገደኛን እግዜር ይፈቅድለታል።»

«እግዜርማ ይፈቅድለታል» አሉ እታለም። «እሱ ነው የማይፈቅድ። ወንድሜን አላውቀውም?»

እውነታቸውን ነው። አባቴ ታሞ ሊሞት በደረሰበት ጦም፣ የንስሐ አባቱ ወተት ቅመስ ቢሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ነው። አሁን በጀርባው ያለው ስንቅ ቅቤ ነው። የሚበላው ስንቅ እኛ ቤት ተሰቅሏል። የት እንዳለ እንጃ፣ ግን ምግብ ተሸክሞ እየተራበ ነበር፤ ለይተው ያሸከሙት ደግሞ የገዛ እህቱ ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ እታለም ለማንም ስንቅ አላሳነሱም። መንገደኛ ሲመጣ ከቁርበቱ ሳይነሡ «ሁሉንም ይዘህ ሂድ ልጄ፤ ቅሉንም ጭምር» ይሉታል።

ስልቻው መጉደል የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝማ።

«እታለም፣ የአባዬ ስልቻ ከስቷል።»

እታለም ተነሥተው ከሥሩ በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት። ፊታቸው ተለወጠ። ቋጠሮውን አዩ፤ የገዛ እጃቸው ቋጠሮ ነው፣ አልተነካም። ቁርበቱን ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አይጥ አልበሳውም። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ።

«አፍህን ክፈት።»

ከፈትኩ።

«ተንፍስ።»

ተነፈስኩ። እናቴ ደግሞ ጥፍሮቼን አንድ በአንድ ታያለች። አይፈረድባቸውም፤ በዚያ ቀበሌ ክዳን የተከፈተ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠራው የኔ ስም ነው። በዕድሜዬ ንጹሕ ሆኜ የተከሰስኩት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚካድ እንኳ ጠፋኝ።

«እንዴት አድርጎ ይደርስበታል?» አለች በመጨረሻ እናቴ። «ለሽንቱ እንኳ ታቅፎ የሚወጣ ልጅ!»

«እንግዲያ ማነው? በሶ ያለ ቀዳዳ አይወጣም።»

ደጁ ላይ ጭጋጉ እንደ እንግዳ ቆሟል፤ አይገባም፣ አይሄድም።

ብጉንጁ እያተኮሰኝ ቀን ቀን ብዙ እተኛ ነበር። ስነቃ ስልቻው ሁልጊዜ ጥቂት ጎድሎ አገኘዋለሁ። እኔ በበኩሌ ነገሩ ገብቶኛል ባይ ነበርኩ፦ አባቴም እንደ ሌሎቹ ታጥፎ እዚያ ውስጥ ገብቷል፤ የሚከሳውም ጦም ስለያዘ ነው። እናቴ ከብት ልታይ ስትወጣ ወደ ግድግዳው «አባዬ፣ ትንሽ ቆሎ ላምጣልህ?» እላለሁ። ኮሽታው ዝም ይላል። ሁሉም ስልቾች አብረው ዝም ይላሉ፤ የሚሰሙኝ ይመስል። እኔም መልሱን ሳልሰማ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሽፋሽፍቴን ሳልከፍት እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ።

«እሱ ነው የሚበላው» ትላለች። «እሱ ከሆነ ደግሞ ሞቷል። ነፍስ ያለው ሰው ተራራ ላይ ሆኖ ከዚህ አይበላም። ቄሱ መጥተው ይፍቱትና ተዝካሩን እናውጣለት፤ እንዲህ ሲንከራተት አልየው።»

«አፍሽን ያዥ! እኔ በቁሜ ይህ ስልቻ አይፈታም።»

«አንቱ ጥፋቱ የርስዎ ስለሆነ ነው እንጂ…»

እናቴ ሳትጨርሰው ተወችው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ዋሉ።

በጦሙ መሀል እንድሪስ ከጋይንት በኩል ወረደ። እንድሪስ የደብረ ታቦር ነጋዴ ነው፤ ጨርቅና ቅመም እየያዘ ተራራውን ይሻገራል። ከክረምት በፊት ያስቀመጠው ቀሪ ግድግዳችን ላይ ነበር። አህያውን አቁሞ፣ ደጃፍ ላይ እፍኙን በልቶ፣ መንገዱን ዘጋና «እንደምን ዋላችሁ» አለ።

«ወንድሜን አላገኘኸውም?» አሉ እታለም፣ መልካም ዋልክ እንኳ ሳይሉት።

«እታለም፣ ላዩ ላይ እኮ የገዛ አህያዬ ጆሮ አይታየኝም። ግን መንገደኛ ከሚያድርበት ዋሻ ከፍ ብሎ አንድ ሰው ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጦ አየሁ፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ። የናንተ ሰው መሰለኝና ተጣራሁ። ጭጋጉ መጥቶ ሸፈነው። ስሄድ የለም።»

እናቴ ተነሥታ ቆማለች። «መሰለኝ ነው ያልከው? አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ያ ሰው ልጅ አብሮት ነበር። ትንሽ ልጅ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ እጁን እንዲህ ዘርግቶ።»

እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። «የኔ ብቻውን ነው የሄደ።»

እንድሪስ ጨዋታ ሊለውጥ ፈልጎ ወደኔ ዞረ። «አንተስ እንደ ደረቀ ቁርበት የተደፋህ ምን ሆነህ ነው?» እታለም ነገሩት። ሊስቅ ጀመረ። ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ፤ ካጎነበሰበት ቀና አለ። «ይማርህ» ብሎኝ የቀረበለትን ሳይቀምስ አህያውን ነድቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በቅሎዋ መጣች። ጭጋጉ ውስጥ ኮቴ ተሰማ፤ እናቴ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። በቅሎዋ ብቻዋን በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ወፍራ፣ ጀርባዋ አብረቅርቆ። ጋይንት የሚባል አገር አላየችም፤ እዚያው ተዳፋቱ ላይ ስትግጥ ነው የከረመች። እናቴ አንገቷን አቅፋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። በቅሎዋ አፈረች ብዬ አልዋሽም። ፈላጊው ጠፍቶ ተፈላጊዋ በእግሯ ስትገባ ግን፣ እታለም ከዚያ በኋላ ክርክሩን ተዉት። የጦሙ ፍቺ ሲቃረብ ስልቻው ቁርበት ብቻ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«በፍልሰታ ፍቺ ከቅዳሴ መልስ ቄሱን ጥሪያቸው» አሏት እናቴን። «ይፍቱት።»

ዕለቱ ደረሰ። እታለም ነጭ ለብሰው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፤ እናቴ ቄሱ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ምድጃ ላይ ጥዳለች። ደጃፉን አንድ ሰው ሸፈነው። ቄሱ መጡ ብለው ሁለቱም ተነሡ።

አባቴ ነበር።

እልል ያለ የለም። አባቴም ቃል አልተነፈሰም፤ ሥርዓቱን ያውቃል። ጋቢው ረጥቦ፣ ጺሙ አድጎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ መቃኑን ተደግፎ ቆመ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። እታለም ስልቻውን አወረዱት። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ነው የፈቱት። አባቴ መዳፉን ዘረጋ። ስልቻውን መዳፉ ላይ ደፉት፤ አራገፉት። አንድ ብናኝ አልወረደም።

«ባዶ ነው» አሉ እታለም በማይሰማ ድምፅ። መንገዱን በምን ሊዘጋ ነው?

«ባዶማ ይሆናል» አለ አባቴ። «በልቼው የለም እንዴ።»

ጀርባው ላይ ያለውን ስልቻ አውርዶ እግራቸው ሥር አስቀመጠው። «ይኸው ጭኮዎ። ፍልሰታ እስኪገባ ቀመስኩት፤ ከገባ ወዲህ አልነካሁትም። ስመለስ ላዩ ላይ እግሬ ወለም አለኝ። ጭጋጉ መንገዱን ወሰደብኝና ድንጋይ ሥር ቁጭ አልኩ። እናንተ ደረቁን ባትልኩልኝ አልቆልኝ ነበር።»

«ምኑን?» አለች እናቴ።

«በሶውን ነዋ። የእታለም ጨው፣ የእታለም በርበሬ፣ የዚህ ቤት ጭስ ሳይቀር ይሸተው ነበር።»

«በማን ላክንልህ?»

አባቴ ከደጃፉ ሳይንቀሳቀስ የቤቱን ጨለማ በዓይኑ ፈለገ፤ መደቡ ላይ አገኘኝና ፈገግ አለ።

«በዚህ ሌባ ነው እንጂ በማን! ድምፁን እንኳ አያሰማም። ይመጣል፣ እፍኙን ይዘረጋልኛል፣ እስክበላ ቆሞ አፍ አፌን ያየኛል፣ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ‹የሚደርሰኝ እንዲህ ያነሰው ይህ ሆዳም በመንገድ ግማሹን እየቃመው ነው› እላለሁ።»

የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። የኛን ፊት ሲያይ ሳቁን አቆመ።

«ይህ ልጅ» አለች እናቴ፣ «ከሄድክ ወዲህ ከዚህ መደብ በእግሩ አልወረደም።»

ግድግዳው ላይ ያሉት ስልቾች ኮሽታቸውን አቆሙ። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ እኔም የማየው አጥቼ ጥፍሮቼን አየሁ።

መጀመሪያ የተነፈሱት እታለም ናቸው። ባዶውን ስልቻ አጣጥፈው አጣጥፈው እጃቸው ውስጥ ጨበጡት። «ከበላኸውማ መንገድህን ዘግተሃል» አሉት። «ግባ ወንድሜ።»

አባቴ እያነከሰ ገብቶ ተቀመጠ። እናቴ የጣደችውን ውሃ በገበታ ቀድታ እግሩን ልታጥበው ከፊቱ ተንበረከከች። ልትጀምር ስትል ቀና ብላ አየችኝ። ገበታውን አንሥታ ወደ መደቡ መጣች። እግሬን ያዘችና ውስጥ እግሬን ወደ ደጃፉ ብርሃን ገልብጣ አየች። እኔ በሆዴ ስለተደፋሁ ምን እንዳየች አላየሁም። በኋላም ብዙ ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሥራ ያዘችብኝ። ያን ጊዜ ግን በሞቀው ውሃ ቀስ እያለች አጠበችኝ፤ ተረከዜን፣ ቁርጭምጭሚቴን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ። እታለምም መጥተው በቅል እየጨለፉ ያፈሱላት ጀመር።

ተራው ለአባቴ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ገበታውን አየ።

«ይህማ ደፍርሷል» አላት። «ሌላ አሙቂልኝ።»